ኮምፒውተሩ ያልያዘው ድምፅ

መሪጌታ አረጋ ጉሮሯቸውን ያመማቸው ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በመጣው ክረምት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሏቸው ዝንጅብልና ማር ወሰዱ፤ ጠበልም ተጠመቁ። ድምፃቸው ግን እየሻከረ፣ አንዳንድ ቀንም ጨርሶ እየጠፋ ሄደ። ደሴ የመረመራቸው ሐኪም እውነቱን አልሸሸጋቸውም።

«አዲስ አበባ ሄደው ኦፕራሲዮን ካልሆኑ ሕይወትዎ ያልፋል። ከሆኑ ደግሞ ከእንግዲህ ድምፅ አይኖርዎትም።»

ላሊበላ ላይ ፊታቸውን የማያውቅ እንኳ ድምፃቸውን የሚያውቅ የዜማ መምህር ናቸው። ከሐኪሙ ወጥተው ወደ መናኸሪያው አመሩ። አብራቸው የነበረችው አንድያ ልጃቸው መቅደላዊት ናት፤ ወልድያ የኮምፒውተር ጥገና ተምራ መመለሷ ነበር።

«አባየ፣ ድምፅዎን እቀዳዋለሁ» አለቻቸው።

«በዚያ ካሴት በሚበላው ቴፕ?»

«የለም፣ በኮምፒውተር። ኮምፒውተሩንም ራሴ እገጥመዋለሁ።»

መሪጌታ ከዚያ በፊት «ሣጥኑ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ያን ቀን ግን «እሺ ልጄ» ብቻ አሉ።

አንድ ሆቴል ያስወገዳቸውን ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች አግኝታ ከሁለቱ አንድ ደህና ለማውጣት ፈታታቻቸው። ዋናው ሥራ የሚሠራበትን ፕሮሰሰር ልታጸዳ ማቀዝቀዣውን ስታነሳው፣ በመካከላቸው የነበረው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ይህን ቅባት ባለሙያዎቹ «ተርማል ፔስት» ይሉታል። ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው ለዓይን ልሙጥ ቢመስሉም በመካከላቸው አየር ይቀራል፤ ፔስቱ ያን ክፍተት ሞልቶ ሙቀቱን ካላሳለፈው ፕሮሰሰሩ ይግልና ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል።

ላሊበላ ውስጥ ፔስት የሚሸጥ አልነበረም። ወልድያም ደውላ አጣች። ጎረቤታቸው ደሳለ አስጎብኚ ነው፤ እንግዶች ይዞ አዲስ አበባ ሊወርድ ሲል ፔስት እንዲያመጣላት ለመነችው። «ኧረ ምን ገዶኝ! ግን በመንገዴ እንግዶቹን ጎንደር ሳላሳያቸው ስለማልመለስ እቆያለሁ» አላት።

የመሪጌታ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ግን ደረሰ። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ጠዋት ድምፃቸው ተከፍቶላቸው ተነሡ። የመቅደላዊት እናት ወይዘሮ አሰለች ከጓዳ ሰምተው እያለቀሱ ወጡ።

«መቅደላዊት፣ ዛሬ ነው» አሉ መሪጌታ። «ነገን አላምነውም።»

መቅደላዊት ኮሌጅ ሳለች ተማሪዎቹ ፔስት ሲያጡ የጥርስ ሳሙና ይቀቡ እንደነበር ትዝ አላት። መምህራቸው «ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ውሃው ሲደርቅ ግን ራሱ ሙቀት ይዞ ይቀራል» ብሏቸው ነበር። ጥቂት ጊዜ ይበቃኛል አለች። በስሱ ቀብታ ማቀዝቀዣውን አሰረች። ኮምፒውተሩ ተነሣ።

ማይኩን ፊታቸው አቆመችና፣ «በየመካከሉ ቆም ይበሉልኝ፣ የተቀዳውን እንዳስቀምጠው» አለቻቸው።

«እንዲህ ያለ ዜማ በመካከል አይቆረጥም ልጄ። ከቆምኩ ድምፄ አይመለስም።»

መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የወርኃ ጽጌን ዜማ ጀመሩ። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥሎ እየተነሣ፣ ከበሽታው በፊት እንኳ ሰምታው በማታውቀው ጥራት ወጣ። ወይዘሮ አሰለች በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች አጥሩን ተጠግተው ያዳምጡ ነበር።

ዜማው ሲጋመስ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ አጓራ፤ ስክሪኑም ድርግም አለ።

መቅደላዊት አዝራሩን ደጋግማ ተጫነች። አልነሣም አለ። ማቀዝቀዣውን ብትነካው ጣቷን አቃጠላት። ያልተቀመጠው ሁሉ መጥፋቱን አወቀች። ልታስቆማቸው አፏን ከፈተች፤ ግን አባቷ ፊታቸው በርቶ፣ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ ያዜማሉ። እንዴት ብላ ታስቁማቸው? በጠፋው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

ጨረሱና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ገባ?»

«ገባ፣ አባየ።»

«ተመስገን» አሉ። «አሁን ቢቆርጡኝም ግድ የለኝም።»

ኮምፒውተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ፣ በሆነ ሰበብ እንደገና ልታስደግማቸው አስባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ድምፃቸው ዳግም ተዘጋ። በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲነሡ፣ መገንጠያው ጋሸና ድረስ የተጓዙት በምልክት እየተነጋገሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ሲመለሱ አንገታቸው ላይ ነጠላ ተጠምጥሞ ነበር፤ ከሥሩ የሚተነፍሱበት ቀዳዳ አለ። ደሳለ ፔስቱን አምጥቶ ለወይዘሮ አሰለች ሰጥቷቸው ኖሯል። መቅደላዊት የደረቀውን ሳሙና ጠርጋ፣ ከፔስቱ ምስር የምታህል ጠብታ አድርጋ ማቀዝቀዣውን መለሰችው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። ያን ጊዜ ነው እንደ ሕፃን ያለቀሰችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙ፤ ቀጥሎም ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። «ምን እንዳሉኝ አልገባኝም» ልትል ቃጣት። አልቻለችም። እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«አልገባም፣ አባየ። በመካከል ጠፋብኝ። ውሸቴን ነው ገባ ያልኩዎት።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ልጄ» ማለታቸውን አወቀች። ከዚያ በኋላ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ከአንገታቸው የትንፋሽ ሲርሲርታ ብቻ ወጣ።

«አልሰማሁዎትም፣ አባየ። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት። አሁንም «ልጄ» ከሚለው በቀር የያዘችው የለም። ወደ እናቷ ዞረች።

«እምየ፣ ምን አሉኝ?»

ወይዘሮ አሰለች ዕድሜያቸውን ከእሳቸው ጋር ኖረዋል። የባላቸውን ከንፈር ትኩር ብለው አይተው፣ ቃሉን መለየት ቢያቅታቸው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አነሡ።

«እኔም አልሰማሁት፣ ልጄ።»