ቆሻሻ አፍ የለውም

ጋሽ ጥርት ጣቱን በምላሱ አርሶ የተለማማጇ ልጅ ኮምፒውተር መስታወት ላይ ለጠፈው። የምራቁ ፈለግ የሳተላይት ፎቶውን ለሁለት ከፍሎ እያብለጨለጨ ቀረ።

"እዚህ ጋ መስመሩ አልገጠመም። ቅርጽ ካልተዘጋ ቀለም አይይዝም አላልኩሽም?"

ልጅቷ ሁለቱን ጫፎች አገናኘች፤ ቅርጹ ቡናማ ሆነ። ቀይ ማለት ቤት ነው፣ ግራጫ መንገድ፣ ሰማያዊ ውኃ። ቡናማ ቆሻሻ ነው። ወደ ካርታ ክፍሉ በተለማማጅነት ስትገባ መጀመሪያ ያስጠናት ይህንኑ ነበር፦ ፎቶ ዝም ብሎ ያያል፣ ካርታ ግን ስም ያወጣል፤ እንደ ቆርቆሮ ያላብለጨለጨ ደግሞ ቤት አይባልም። "ጥርት ያለ ካርታ" ማለት ስለሚያበዛ ቅጽል ስሙ እሱው ሆኖ ቀረ። የሸሚዙ አንገትጌ ግን ጥራት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም።

ካርታው ከሥራ ሳይወጡ ይላካል። ቡናማ የተቀባውን ሁሉ በሳምንቱ መጨረሻ ዶዘር ይጠርገዋል። ካማረለት ደግሞ ልጅቷን በቋሚነት ሊያስቀጥራት ቃል ገብቶላታል።

ለማጣራት ፎቶውን አጉልታ አቀረበችው። ጠዋት ራሷ ቡናማ የቀባችው ሠፈር ጥግ ላይ ቦዩ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ከክርኑ በላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። አረንጓዴው የአክስቷ ጣሪያ ነው። ዝናቡ ሲገባ ሸራውን ወጥራ ድንጋይ የጫነችበት ልጅቷ ራሷ ናት። ያሳደገቻትን ሴት ከነቤቷ ቆሻሻ ብላ ስም አውጥታላታለች።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤት ነው። ሸራው ሁሉ ቤት ነው፤ ሰው ይኖርበታል።"

"አውቃለሁ።"

ተሳስታ የሰማች መሰላት።

"አውቃለሁ አልኩሽ። ቤት ካልነው ምትክ ቦታ፣ ስብሰባ፣ ንትርክ ይመጣል። ቆሻሻ ካልነው ማን ይከራከረናል? ቆሻሻ አፍ የለውም።"

በራሱ ቀልድ ሳቀ። ጥርሶቹ መሃል የምሳው ትራፊ ተወሽቋል። ከእሱ ይበልጥ ያጥወለወላት ግን ጠዋት "እጅሽ ይባረክ" ሲላት ልቧ በደስታ መሞቁ ነበር።

የአክስቷ ቤት መሆኑን ስትነግረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተጠጋት። እሱም ሰው ነው፣ ዘመድ አያስነካም፤ የአክስቷን ብቻ ቀይ ታድርጋት፣ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። አንዲት ቀይ ነጥብ ካርታ አታበላሽም።

"ሌላውን ተይው። ቋሚነትሽም የራስሽ፣ አክስትሽም የራስሽ። ተስማማን?"

ልጅቷ ወንበሯን ከትንፋሹ አራቀች። ከአረንጓዴው ሸራ ጎን የተቀዳደደ ጥቁር ላስቲክ ይታያል። የዚያ ቤት ባለቤት ምላሷ እሬት ነው፤ እጣቢዋን ሆን ብላ የአክስቷ ደጅ ላይ ትደፋለች፣ ልጅቷን ባየች ቁጥር "ዶክተሯ መጡ" እያለች ታሽሟጥጣለች። ዓይኗን ማየት ያስጠላታል።

ቡናማውን ቅርጽ መርጣ ሰረዘችው። ከዚያ ጥቁሩን ላስቲክ አቅርባ ጥጉ ላይ የቀዩን ቅርጽ የመጀመሪያ ነጥብ ጣለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለ ጋሽ ጥርት።

"ከምጠላት ሴትዮ ልጀምር ብዬ ነው" አለች፣ ዓይኗን ከካርታው ሳትነቅል። "አክስቴ ተራዋን ትጠብቅ።"