የተንቀሳቀሰ አይወጣም

አባቴ ገብረ ጻድቅ ደብረ ብርሃን ላይ አርባ ዓመት ሰው ፎቶ ሲያነሳ ኖሯል። የእሱ ፎቶ ግን ከመታወቂያው በቀር የለም። ካሜራ ፊት ቁም ሲሉት «አንሺ አይነሳም» ይላል።

ተራራ የሚያነሳው በቀርፋፋ ፊልም ነበር፤ ብርሃን ቀስ ብሎ የሚጠጣ፣ ጥራቱ ግን ወደር የሌለው። ከፊት የሚቆሙትን ሰዎች «አትተንፍሱ! የተንቀሳቀሰ አይወጣም!» እያለ ያስጨንቃቸዋል። ፊልሙ ከገበያ ሲጠፋ በእኔ ዲጂታል ካሜራ ላይ ጥርሱን ነከሰ። የፎቶዬን ሻካራነት እያየ «ጋራውን አሸዋ አደረግሽው» ይለኛል። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ማን ወልዶኝ!

ኅዳር ላይ የያዘው ሳል ሲጠናበት አንኮበር ይዤው ወጣሁ። በእሱ ፊልም የተነሳ የሚመስል ፎቶ፣ እሱ ራሱ ጋራው ፊት ቆሞ፤ የፈለግሁት ይህን ነበር። ለምኜ ለምኜ እሺ አለኝ። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሬ ሠላሳ ፎቶ አከታትዬ አነሳለሁ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ያደርጋቸዋል። ከቦታው ያልተነቃነቀውን ያስቀራል፣ የተንቀሳቀሰውን ይጥላል። ሻካራው ሁሉ ይጠፋል።

አባቴ ግን መቆም አልሆነለትም። ጋቢውን እየሰበሰበ አፋፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ካሜራውን ዝቅ አድርጊው! ደመናው ሳያልፍ!»

«አባባ፣ ቁም እንጂ!»

«ቆሜያለሁ እኮ!»

ቤት ገብቼ ሠራሁት። ጋራው ጥርት ብሎ ሲወጣ በደስታ ሰከርኩ። የካሜራው ካርድ ለእሁድ ሠርግ ስላስፈለገኝ ሠላሳውንም ፎቶ አጠፋሁና ሠርጉን አነሳሁበት። ለአባቴ ያሳየሁት ሰኞ ነው። ስክሪኑን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ብዙ አየው።

«የኔ ፊልም ነው» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቆይቶ፣ «እኔስ?» አለኝ።

ፎቶው ላይ አለመኖሩን ያን ጊዜ አየሁ። ጋራውን ሳደንቅ እሱን አልፈለግሁትም ነበር።

«የተንቀሳቀሰ አይወጣም» ብሎ ሳቀብኝ። «ግድ የለም፣ ለጥምቀት ተመልሰን እንሄዳለን።»

ለገና እንኳ አልደረሰም።

አክስቴ አልታየች ለለቅሶው ድንኳን ፎቶ ስትለኝ የመታወቂያውን አሳድጌ ሰጠኋት። ፊቱ ደብዝዞ የማንም ፊት ሆኗል።

«ምነው ሰርካለም፣ ፎቶ አንሺ አይደለሽም ወይ?» አለችኝ።

 

አሁን ሱቄን ዘግቼ ያንን የጋራ ፎቶ አጎላለሁ፤ የጋቢውን ጫፍ፣ የክንዱን ጥላ፣ የሆነ ነገር እፈልጋለሁ። እንደማላገኘው አውቃለሁ። የረገጠው ድንጋይ ስንጥቁ ሳይቀር ይታያል፤ አባባ ግን የለም።