የመመለሻዋ ሽቦ

እናቷ የምትተነፍስበት ማሽን ቀጥ ያለው ረፋድ ላይ ነው። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሸተተ፣ ከዚያ ዝም አለ። ልጇ የሞተር ሽቦ ጠቅላይ ናት፤ የሰፈሩ ሰው ሲቀልድባት “ጠቅላያችን” ይላታል። ሽታው ምን እንደሆነ ለመረዳት ክዳኑን መፍታት አላስፈለጋትም። ማሽኑን በእርግጫ አለችው።

እርግጫው ለማሽኑ አይገባውም ነበር። ጥፋቱ የሽቦው ነው። በዚያ ምድር ብረት እንደ ልብ ነው፤ የሚረገጠው አሸዋ ራሱ ዝገት ነው። መዳብ ግን የለም። ሰዉ ሲቆፍር ኖሮ ወገቡ ተቆረጠ እንጂ ቀለበት የሚወጣው እንኳ አላገኘም። ያለው መዳብ ከአሮጌው ዓለም ሲመጡ በመንኮራኩር ይዘውት የመጡት ብቻ ነው፣ እሱው ከማሽን ወደ ማሽን ሲገላበጥ ይኖራል። ስልኮቹ ተፈትተው የወፍጮ ሞተር ሆኑ፤ ዛሬ ልጆች ስልክ ሲባል የሚያውቁት ጨው የሚቀመጥበትን ባዶ ቀፎ ነው። ማቀዝቀዣዎቹ ተፈትተው ውኃ መሳቢያ ሆኑ። በተፈታና በተጠቀለለ ቁጥር ደግሞ ሽቦው ይበጠሳል፣ ይቃጠላል፣ ያጥራል። አባት በኤሌክትሪክ ያስፈጨውን እህል ልጁ ዛሬ በድንጋይ ይፈጫል። ይሄንንም “ኑሮን ማቅለል” የሚሉት አሉ፤ አፋቸው ይቆረጥ።

የእናቷ ሞተር ባለፈው ሲደክም፣ መዳብ ስታጣ፣ በብረት ሽቦ ጠቀለለችው። የብረት ሽቦ ይግላል። እንደሚግል እያወቀች ነው የጠቀለለችው፤ ምን ታድርግ?

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ጭሱ ሸቷት ከነመቀሷ ዘው አለች። አንዴ አየችና መቀሷን ጥላ ከአልጋው ሥር የእጅ ወናፉን ጎትታ አወጣች። በሽተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ለእንዲህ ያለ ቀን ወናፍ ያስቀምጣል።

“ሂጂ፣” አለች ቱቦውን ከጭምብሉ ጋር እያገናኘች። “እጄ እስኪዝል እነፋለሁ።”

“ሲዝልስ እትዬ?”

“ሲዝል ባሌን እጠራለሁ። ሂጂ አልኩሽ እኮ።”

አሮጊቷ ከጭምብሉ በላይ ዓይኗን አጉረጠረጠች። ሰው ማስቸገር አትወድም፤ እየታፈነችም አትወድም።

ሽቦ የሚያድለው ማኅበር ሰብሳቢ ቢሮ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ሰልፉን ጥሳ ገባች። ደንቡን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፦ ለአንድ ማሽን ሽቦ የሚሰጠው የሌላ ማሽን ባለቤት በፈቃዱ የራሱን ሲያስፈታ ነው። “በፈቃዱ” የምትለዋ ቃል እንዴት ታምራለች። ሥራ ላይ ስትውል ግን ልብስ ሰፊዋን ስፌቷን፣ ባለወፍጮውን ወፍጮውን መለመን ማለት ነው። የለመነው አንገቱን ደፍቶ፣ የሰጠው ሲቆጨው፣ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲተያዩ እንኳ ሰላም አይባባሉም። ሽቦውን ከአንዱ ፈትታ ለሌላው የምትጠቀልለው እሷ ስለሆነች ሁለቱም የሚጠሉት እሷን ነው።

“ማንን ልታስፈቺ አስበሽ ነው?” አላት ሰብሳቢው።

“መመለሻን።”

ብዕሩን አስቀመጠ። መመለሻ ማለት መንኮራኩሯ ናት። ከመጨረሻዎቹ ቤቶች ወዲያ እንዳረፈች ቆማለች፤ አንድ ቀን እንመለስባታለን ተብሎ ብሎኗ እንኳ አልተነካም። ሆዷ መዳብ ነው። ነዳጇ ግን ያለቀው ያረፈች ዕለት ነው፤ በዚያ ምድር ላይም ምትክ የሚሆን ነገር አልተገኘም፤ የነዳጅ በርሜሎቿን ሰዉ ልብስ ያጥብባቸዋል። ይሄን የማያውቅ የለም። ሁሉም ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይኖራል፤ አፉን የከፈተ እንደ ሟርተኛ ይታያላ።

“እህቴ፣ እሷን እንኳ ተያት፣” አለ ሰብሳቢው። “የሁላችንም ተስፋ ናት።”

“ተስፋችሁ እናቴን አያስተነፍሳትም።”

“ጉባኤው ሲቀመጥ አቀርበዋለሁ።”

“እስኪቀመጥ እርስዎ መጥተው ወናፍ ይነፉልኛል?”

“ስሜታዊ አትሁኚ።”

ይቺን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ወርክሾፗ ገብታ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዛ ወጣች።

የመመለሻ ጠባቂ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። ሥራው መጥረግና መወልወል፣ ለጉብኝት ለሚመጡ ተማሪዎች ደግሞ “ይቺን ስንጫናት ሞተሩ ይነሳል” እያሉ ማስረዳት ነው። ቢጫኗት ምንም እንደማይነሳ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በሩ ላይ ጨርቅ ይዞ አገኘችው። ፒንሳውን ሲያይ ክው አለ።

“እማ ምን ሆነች?”

“ማሽኑ ተቃጠለ። እትዬ በወናፍ ይዛታለች። ዘወር በልልኝ።”

ፊቱ ልውጥ አለ። ከበሩ ግን ፈቀቅ አላለም። “አልችልም። ሥራዬ ነው።”

“ሥራህ ምንድን ነው? ሬሳ መወልወል?”

“እንደሱ አትበይ። ‘መመለሻዬን ደህና አድርገህ ያዝልኝ’ የምትለኝ ራሷ እማ አይደለችም እንዴ? የገዛ እናቷን እመለሳለሁ ብላ አሮጌው ዓለም በር ላይ ትታት ነው የመጣችው። ይሄን ከቆረጥሽ ይቅር አትልሽም።”

“ይቅር ላለማለትም መተንፈስ ያስፈልጋል።”

ገፍታው ገባች። ሊይዛት ይችል ነበር፤ በጉልበት ይበልጣታል። አልያዛትም። አልረዳትምም። ጀርባውን ሰጥቷት ቀድሞ የወለወለውን መስኮት እንደገና ይወለውል ጀመር። ይሄ ከሁሉ የባሰ አናደዳት። ቢታገላት ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ አንድ ነገር አደረገ ትል ነበር።

መሸፈኛውን ፈታችው። እንዲያ ያለ መዳብ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም፦ አንድም ቦታ ያልተቀጠለ፣ ያልጠቆረ፣ ክንድ የሚያህል ጥቅል፣ ከጀርባው ሌላ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ። ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። የልብስ ሰፊዋ እህት ሐኪም ቤት በጨለማ ስትወልድ፣ ደሙ ከየት እንደሚፈስ የሚያይ ጠፍቶ የሞተችው፣ ይሄ እዚህ ተቀምጦ ነው። እሷ ራሷ የበሰበሰ ሽቦ እየቀጠለች ዓይኗን ያደከመችው ይሄ እዚህ ተቀምጦ ነው። ለምን? ተማሪ እንዲጎበኘው።

ቆረጠች። ወንድሟ መወልወሉን ለአፍታ አቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ጥቅሉን አልሸፈነችውም። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ተመለሰች።

“ከየት አመጣሽው?” አላት ባለወፍጮው ከደጁ ቆሞ።

“ከመመለሻ።”

አጠገቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ምራቃቸውን ተፉ። ባለወፍጮው ሽቦውን አየ፣ የቆመውን ወፍጮውን አየ፤ መሰላሉን ተሸክሞ እሷ ወደ መጣችበት ሄደ።

ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋና ባሏ እየተቀባበሉ ይነፋሉ። የእናቷ ከንፈር ጠቁሯል። ከአልጋው እግር ሥር ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ የተቃጠለውን ፈታች፣ አዲሱን ጠቀለለች። ብስጭት እንዲህ አድርጎ እጅ እንደሚያረጋ አታውቅም ነበር። ቫርኒሹ በቅጡ ሳይደርቅ ገጠመችው። ሞተሩ ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ወናፉን ለቃ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ጣቶቿ አልዘረጋ አሏት፣ ባሏ ነው አንድ በአንድ ያላቀቀላት።

የአሮጊቷ ፊት ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። እጇን ሰዳ ሞተሩን ዳሰሰችው፤ ልጇን ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት።

“አይግልም፣” አለች በጭምብሉ ውስጥ። “መዳብ ነው። ማንን አስፈታሽ?”

“መመለሻን።”

አሮጊቷ ጭምብሉን ያዘችና ልትመነጭቀው ሳበችው። ልጇ ዘላ እጇን ያዘቻት።

“ልቀቂኝ።”

“አልለቅም።”

“እናቴን እመለሳለሁ ብያታለሁ። መንገዴን ቆረጥሽብኝ።”

“መንገድ አልነበረም እማ። ነዳጅ የለም። አንቺም ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ። ማወቄን ማን ጠየቀሽ?” ድምፅዋ ተቆራረጠ። “እዚያ ቆማ ማየቱ ይበቃኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም።”

ልብስ ሰፊዋና ባሏ አንገታቸውን ደፉ። ልጇ የእናቷን እጅ እንደ ያዘች ነው፤ አጥንት ብቻ የሆነች እጅ፣ ግን ጉልበቷ ለጉድ ነው፤ ቅድም ያልነበራትን አሁን ማን ሰጥቷት ነው? ከራሷ ከልጇ ጋር የምትታገልበት አቅም ከመመለሻ ሆድ የወጣ ነው።

“እሺ፣” አለቻት። እንባዋ ይወርዳል፣ ልትጠርገው የእናቷን እጅ አልለቀቀችም። “ጥይኝ። እርገሚኝ። ነገም ተቆጪኝ፣ ከነገ ወዲያም ተቆጪኝ። ብቻ እየተናደድሽ ተንፍሺ።”

አሮጊቷ ደረቷ በንዴት ከፍ ዝቅ እያለ፣ በረጅሙ፣ ደጋግማ ተነፈሰች።