ጥሩንባ የማይነፋበት ሰፈር

ጎረቤትህ ቢሞት በምን ታውቃለህ? አትቸኩል፤ አስበህ መልስ። አጥርህ ከቁመትህ የበለጠ ከሆነ፣ በላዩም የጠርሙስ ስባሪ ካስተከልህበት፣ ጎረቤትህንም የምታውቀው በፊቱ ሳይሆን በበሩ ቀለም ከሆነ፣ እስቲ ንገረኝ፣ በምን ታውቃለህ?

አቶ ቢተውን ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ፣ በወፍጮ ቤትና በጠላ ቤት መካከል ተከራይተው ነው። ጡረታ ሲወጡ ከከተማው ዳር፣ የመምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ማኅበር ካሠራው ሰላም መንደር ገቡ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዝምታው እንቅልፍ ነሥቷቸው አደሩ። ቀስ እያሉ ለመዱት፤ ከለመዱት በኋላም ጠበቃው ሆኑ።

የሰላም መንደር ዝምታ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ደንብ ወጥቶለታል። አውራ ዶሮ ማርባት ክልክል ነው። የቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እንዳይል ዘበኛው ከመግቢያው ይመልሰዋል፤ ቁራሽ ጠፍቶ አይደለም፣ ውሾቹን ስለሚያስጮህ ነው። በመጨረሻም የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ እንዳላማው ተነሥተው፣ የዕድሩ ጥሩንባ የኋላ ቀርነት ምልክት መሆኑን አስረዱ። ሌሊት ሲነፋ ሕፃን ያስደነግጣል፣ የደም ግፊት ያለበትንም ይጎዳል። የሠለጠነ ሰው ሞቱን የሚያስታውቀው በሞባይል መልእክት ነው። ቤተ ዘመዱ ለሊቀ መንበሩ ይልካል፣ ሊቀ መንበሩ ለአባላቱ ሁሉ ያስተላልፋል፣ አለቀ። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ወጣ። የአቶ ቢተው እጅ ከፊተኛው ረድፍ ነበረች፣ ቀጥ ብላ።

በዚያው ዓመት እናታቸውን እማሆይ ወለተ ሰንበትን ከትውልድ አገራቸው ከአምበር አመጧቸው። እማሆይ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ጆሯቸው ግን እንደ ሚዳቋ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ይውሉና ማታ ልጃቸውን ይጠይቃሉ።

«እዚህ አገር ሰው የለም?»

«አለ እንጂ፣ እማዬ። ቤቱ ነው።»

«ሁሉም ታሞ ነው?»

አቶ ቢተው ሳቁ። እማሆይ አልሳቁም። ወደ አምበር መልሰኝ ሲሉ ሰነበቱ፤ ሐኪም ቤት ይርቃል እየተባሉ ቀሩ። በመጨረሻ ይህን ብቻ አሉ፤ «እንግዲያስ ከሞትሁ አፍነህ እንዳታወጣኝ። ሙሾ አውርዱልኝ አልልህም፣ ሰው ይቅበረኝ። የጎረቤት እጅ ያልነካው ሬሳ የሌባ ዕቃ ይመስላል፣ ልጄ።» አቶ ቢተውም የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ እንደሚቀብራቸው በገብርኤል ስም ማሉላቸው።

እማሆይ ያረፉት ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ጉሙ አጥር ለአጥር የሚያያዝበት፣ አጨዳው ሳይሆን የጤፍ ዘሩ ሰው የሚያዋክብበት ሰሞን። አቶ ቢተው ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ሄዱ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው አለበል የቀድሞው ጥሩንባ ነፊ ነው። ድንኳኑን አወጣላቸውና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥሩንባ በዓይኑ አሳያቸው።

«ልንፋላቸው፣ ጋሼ?»

አቶ ቢተው ጥሩንባውን አዩት። አቧራ ጠጥቷል። መሐላቸውም ትዝ አላቸው፣ ደንቡም ትዝ አላቸው፤ ሁለቱ ሲታገሉ ደንቡ ጣለ።

«ደንቡ አይፈቅድም፣ አለበል።»

«ደንቡን ያወጣው ሰው ነው እኮ።»

«እኔም አለሁበት» አሉና ድንኳኑን አሸክመው ወጡ።

መልእክቱን ግን እንደ ደንቡ ጻፉ፤ እማሆይ እንዳረፉ፣ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ። ለአቶ እንዳላማው ላኩት። ስልኩ ምንም አላለም። አቶ ቢተውም የሰላም መንደር ሰው ናቸውና ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ኔትዎርክ ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቶ እንደነበር አላወቁም።

ድንኳኑ በደጃቸው ተተከለ። አሁን የሰፈሩን ሰው ነገር ስማ። የአቶ ቢተው ልጅ መሲ በዚያው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች። ዕድሩ ደግሞ ድንኳኑን ለልቅሶም ለድግስም ነው የሚሰጠው። ጎረቤታቸው መምህር ጌቱ ከፎቁ መስኮት ሆኖ ነጩን ድንኳን አየና ለሚስቱ ለሥራነሽ ነገራት። ሥራነሽ ቀድሞውንም የምርቃቱን ጥሪ ስትጠባበቅ ነበር። ትናንት ሳትጠራ፣ ዛሬም ሳትጠራ ድንኳን ተተከለ! አጥር ለአጥር ተቀምጦ ለልጅ ምርቃት አለመጥራት ምን የሚሉት ንቀት ነው? ትይዩ ያሉትም እንዲሁ አሉ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉትም። ክብር ያለው ሰው ደግሞ ያልተጠራበት ድግስ አይመለከትም። ስለዚህ ሰላም መንደር መስኮቱን ዘጋ፣ መጋረጃውን ጎተተ፣ በሩን ቀረቀረ። አንዲት ነፍስ ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» አላለችም።

አቶ ቢተው በባዶ አግዳሚዎች መካከል ተቀምጠው በሩን በሩን ያያሉ። መሲ ቆይታ ቆይታ ጠጋ አለቻቸው።

«አባዬ፣ ጋሽ ጌቱን ሄጄ ልጥራቸው?»

«ለልቅሶ ሰው ይጠራል? የት አገር አየሽ?»

እውነታቸውን ነው፤ ለሠርግ ነው እንጂ ለልቅሶ የሚጠራ የለም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሥርዓት ነው። እንግዲህ በአጥሩ ወዲያ ያሉት እስኪጠሩ ይጠብቃሉ፤ በአጥሩ ወዲህ ያሉት ደግሞ ሳይጠሩ የሚመጡትን ይጠብቃሉ። የተማረ ሰፈር ማለት ይህ ነው።

እኩለ ቀን ላይ የአምበር ዘመድ ደረሰ። ዘሩን ጥሎ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ነው የመጣው። ለእነሱ መልእክት የላከ የለም፤ ጎሕ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና የሄደው የመሲ ወንድም እዚያው አምበር ገበያ ዳር ወርዶ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ በቃ። አስከሬኑን ያነሡት እነሱ ናቸው፤ ዝናብ እየወረደ በዚያው አይሱዙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ሄዱ። እማሆይ ከሰላም መንደር ሲወጡ አንድ በር አልተከፈተም፣ አንድ የጎረቤት እጅ አልነካቸውም። አቶ ቢተው ከመኪናው ኋላ ሆነው የተዘጉትን በሮች እያዩ እያፈሩ አለፉ።

ከቀብር መልስ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ሙሾ አወረዱ፤ ደረት ይመታሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ አንዷ ታወጣለች ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሰላም መንደር ከተቆረቆረ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶበት አያውቅም። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። አቶ ቢተው ልባቸው ዘለለ፤ በመጨረሻ ሰው መጣ። ከፈቱ። አቶ እንዳላማው ጥላ ይዘው፣ ፈገግ ብለው ቆመዋል።

«አቶ ቢተው፣ ደስታዎ ደስታችን ነው። ባይጠሩንም አልተቀየምንም። ግን ዘፈኑን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት? ደንቡን እርስዎም እጅዎን አውጥተውበታል።»

አቶ ቢተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና ጎን ለቀቁላቸው። ሊቀ መንበሩ ወደ ውስጥ ተመለከቱ፤ የተነጨ ፀጉር፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ደረቱን የሚመታ ገበሬ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ጥላቸውን አጥፈው ዝናብ ላይ ቆሙ።

መልእክቱ የደረሰው በማግስቱ ነው፣ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው እያለ። ከዚያማ ሰላም መንደር ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። ሥራነሽ አልቅሳ ስታበቃ ዓይኗን ጠረገችና «ምነው ሳትነግሩን፣ ጋሼ?» አለች፤ ጥፋቱን ከነሬሳው ለባለቤቱ አስረክባ ተቀመጠች።

እሑድ ዕድሩ ተሰበሰበ። አቶ እንዳላማው ስለደረሰው «የመረጃ ክፍተት» ማዘናቸውን ገልጸው፣ ከእንግዲህ መልእክቱ ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲላክ ሐሳብ አቀረቡ። ጌቱ ደገፈ። እጅ ሊወጣ ሲል አቶ ቢተው ተነሡ። ጥሩንባውን ከአለበል ተቀብለው መጥተው ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ እጄን አውጥቻለሁ» አሉ። «ለእናቴ በገብርኤል ስም ምዬ፣ በዚያው እጄ እናቴን አፍኜ አወጣኋት። የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ ሰምታችኋል። አሁን የእናንተን ልስማ። መልእክት አልደረሰንም አትበሉኝ፣ ድንኳኑን አይታችኋል። ዘፈን መሰለን አትበሉኝ፣ እናቶቻችሁ ሲያለቅሱ ሰምታችሁ ነው ያደጋችሁት። ድንኳን ከደጄ ተተክሎ እያያችሁ፣ ምን ሆንህ ብሎ ለመጠየቅ ማን እስኪጠራችሁ ነበር የምትጠብቁ? አቶ እንዳላማው፣ ከእርስዎ እንጀምር። ይነሡና በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይመልሱልኝ፤ ጮክ ብለው፣ አጥሩን አልፎ እንዲሰማ።»