የተሰረዘው ጠባሳ

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። ከፎቶ አንሺዋ ጋር አንድ ክፍል ተካፍለን መሥራት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። መሃላችን ያለው አንድ የኮምፖንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነው፤ እሷ በወዲያ በኩል ታነሣለች፣ እኔ በወዲህ እቆርጣለሁ፣ እመታለሁ። የመጋዜ ብናኝ ሌንሷ ላይ እያረፈ ስንቴ አስቸግሯታል፤ አንድም ቀን ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ ተናግራኝ አታውቅም። የበሩን ሥር በጨርቅ ትወትፍና ሥራዋን ትቀጥላለች። በሃያ ዓመት ስለምበልጣት ጋሼ ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ልጄ እላታለሁ። አሁን የማወራው ስለ እሷ ነው።

ካነሣቻቸው ፎቶዎች ሁሉ እኔ አንዱን አስበልጣለሁ። ፎቶው ላይ ያለችው በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲላት ፊቷን ኮስተር አድርጋ “ተኳሽ ነኝ” ትላለች፤ የጠያቂው ዓይን ሲፈጥ ማየት ደስ ይላታል። ከብዙ ዓመት በፊት የእንፋሎት ቧንቧ ፈንድቶ ግራ ጉንጯን ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ አቃጥሏታል። ፎቶው ላይ ሻሿን ገና ፈትታ፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ አንገቷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ ስትስቅ ትታያለች። ብርሃኑ የሚያርፈው በጠባሳው በኩል ነው።

ያንን ፎቶ ለማንሣት ፎቶ አንሺዋን ሦስት ወር ፈጅቶባታል። ካሜራውን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ማጠቢያ ክፍሉ እየሄደች ከሴቶቹ ጋር አንሶላ ስታጥፍ ትውል ነበር። ካነሣችውም በኋላ ሁለቱ ወረቀት ተፈራርመዋል፦ ፎቶው በአንድ ዐውደ ርእይና በፎቶ አንሺዋ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይታያል፤ ለሌላ ነገር ከተፈለገ ግን መጀመሪያ ተኳሿ ትጠየቃለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መስታወት ልገዛ ስሄድ፣ ከእኛ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ አዲስ ፀጉር ቤት መከፈቱን አየሁ። በሩ አናት ላይ ትልቅ ባነር ተወጥሯል፦ “ፀጉርዎን ይፍቱ፣ ይሳቁ!” ይላል። ከጽሑፉ ጎን ያለችው ተኳሿ ናት። አንገቷ ያው፣ ሳቋ ያው፣ መስኮቱም ያው። ጉንጯ ግን እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሷል። ጠባሳው የለም።

መስታወቱን ረስቼ ተመለስኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ብዙ ነገር ለፈለፍኩ፦ ባነሩን ፎቶ አንሥተን ኢንተርኔት ላይ እንልቀቀው፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሌባ ናት ብለን እንጻፍባት፣ ሰው ይረባረብባት፣ ጠበቃ እንያዝ። ፎቶ አንሺዋ የጀመረችውን ሌንስ ጠርጋ እስክትጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

ከመንገዱ ማዶ ቆማ ባነሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ነጣ፤ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻታለሁ። ግን ካሜራዋን አውጥታ ሱቁን በሙሉ አንዴ፣ ባነሩን ቀረብ ብላ አንዴ፣ ጥጉ ላይ የተጻፈውን የአታሚውን ስልክ ቁጥር አንዴ አነሣችና ቀኑን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ልትገባ ነው ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አዞረች። ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ ብዬ ጮህኩባት።

“ጋሼ፣ ፎቶው የእኔ ነው፤ ፊቱ ግን የእሷ ነው” አለችኝ። “መጀመሪያ እሷ ትስማ።”

በምሳ ሰዓት ሆቴሉ ጓሮ ሄድን። ተኳሿ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ፎቶ አንሺዋ ምንም ሳታድበሰብስ የሆነውን ነገረቻት፤ ገጿ ላይ ማንም ሊያወርደው በሚችል መጠን ያስቀመጠችው ራሷ ስለሆነች ይቅርታ ጠየቀቻትና ስልኳን ሰጠቻት። ተኳሿ ስልኩን አራቀችው፣ አቀረበችው።

“ማነው ያጠበኝ?” አለች።

እኔ ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት። እየቀለደች አልነበረም። ጠባሳውን ሠላሳ ዓመት ተሸክማው እንደኖረች፣ መስታወት ፊት መቆም ብቻ ስንት ዓመት እንደፈጀባት፣ ያንን ሁሉ አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ እንዳጠፋው በዝግታ ነገረችን። ፎቶ አንሺዋ ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ ዘረዘረችላትና ምን እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ተኳሿም መጀመሪያ ይውረድ፣ ሌላውን አስቤበት እነግርሻለሁ አለች።

እኔ ወደ ፀጉር ቤቱ መሄድ ያለብን ቅዳሜ ነው ባይ ነበርኩ፤ ደንበኛ ጢም ብሎ ሁሉም ይስማባት። ፎቶ አንሺዋ የመረጠችው በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሲከፈት፣ ማንም ሳይገባ ነው። ከመጡ አፍዎን ዘግተው ነው ብላ አስማለችኝ።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። ወለሉን እየጠረገች ነበር። ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ቅርጫት ሙሉ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲንና ገና ላስቲኩ ያልተላጠለት መስታወት አለው። ፎቶ አንሺዋ ማን እንደሆነች ተናገረችና ባነሩ ላይ ያለችውን ሴት ታውቂያታለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ አላውቃትም፣ አታሚው ያመጣው ፎቶ ነው አለች። ያኔ ፎቶ አንሺዋ ዋናውን ፎቶ ከፖስታው አውጥታ መስታወቱ ሥር፣ ማበጠሪያዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

ልጅቷ መጥረጊያውን እንደያዘች ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። አታሚው ላይ ልታላክክ ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል። እሷ ግን ቀና ብላ፣ “ሳቋን ወድጄው ነው የመረጥኩት። ጠባሳውን አጥፋው ያልኩትም እኔ ነኝ” አለች።

እዚህ ላይ ስድብ ጠብቄ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ፎቶው እንዴት እንደተነሣ፣ ሴትየዋ ማን እንደሆነች፣ ምን ተስማምተው እንደነበር፣ ትናንት ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለች ነገረቻት። ከዚያ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጠቻት፤ የማን ፎቶ እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድ የት እንደዋለና እስከ ዓርብ እንዲወርድ ይላል፤ ከታች ስልክ ቁጥሯ አለ። ማስፈራሪያ የለበትም፣ ማምለጫ የሚሰጥ ቃልም የለበትም። ልጅቷ ግራ ቢገባት ዓመት ሙሉ ፀጉርሽን በነፃ እሠራልሻለሁ አለች። የፎቶ አንሺዋ ፀጉር ከእኔ ፀጉር አይረዝምም። ሁለቱም መስታወቱን አዩና ሳቁ፤ ልጅቷ ግን እየሳቀች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዓርብን አልጠበቀችም። ወንበር አውጥታ ወጣችና ባነሩን መፍታት ጀመረች። ገመዱ እምቢ ሲላት፣ ሌባ ብዬ ልጽፍባት የነበርኩት ሰውዬ ወንበሩን ደግፌ ይዤ የኪስ መቁረጫዬን ሳቀብላት ራሴን አገኘሁት።

ከአታሚው ጋር ግን ነገሩ እንዲህ አልለዘበም። ኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር የሁሉም ነው ብሎ ፎቶ አንሺዋን ተከራከራት። እሷም፣ “ሞተርህም እኮ የቆመው መንገድ ላይ ነው፤ ይዤው ልሂድ?” አለችው። የሱን አጥፊነት ከልጅቷ ስህተት ለይታ ነበር የምታየው፤ ልጅቷ አላወቀችም፣ እሱ ደግሞ በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ፋይሉን ፊቷ ካላጠፋና ሁለተኛ እንዳይጠቀምበት ካልፈረመ ወደ ሕግ እንደምትሄድ ነገረችው። አጠፋ፣ ፈረመም። እየተነጫነጨ ነው የፈረመው።

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ተኳሿ ማንንም ሳታማክር ብቻዋን ፀጉር ቤቱ ሄዳ ፀጉሯን ታጠበች። ማን እንደሆነች አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለጋትም። ልጅቷ በኋላ እንደነገረችን፣ ውሃውን እያፈሰሰች እጇ የተኳሿ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ቆማ ቀረች። ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት ተኳሿ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ሳሙናው ጆሮዬ ውስጥ እየገባ ነው፣ መጀመሪያ አጥቢኝ አለቻት።

በማግስቱ ልጅቷ እኛ ክፍል መጣች። ስለ ባዶው በር ሰው እየጠየቃት እንደሆነ፣ ሌላ ፎቶም ፈልጋ እንዳልሆነላት ነገረችን። ከፈቀዱላት ያንኑ ፎቶ፣ አሁን ግን እንዳለ፣ ከነጠባሳው መስቀል ትፈልጋለች። እኔ ጣልቃ ገብቼ ለውበት የሚሄድ ሰው ጠባሳ አይቶ ይገባል ወይ አልኩ። ልጅቷ እሱን አላውቅም፣ እሞክረዋለሁ አለች። ፎቶ አንሺዋ እሺም እምቢም አላለችም፤ ስልኳን አንሥታ ወደ ሆቴሉ ደወለች።

ተኳሿ ፈቀደች፤ ለአንድ ዓመት ብቻ፣ ያለ ስም፣ ከመሰቀሉ በፊት በዓይኗ አይታው። ፎቶ አንሺዋ አዲስ ውል ጻፈች፤ ለትንሽ ሱቅ የምታስከፍለውን ዋጋ አስከፈለችና ግማሹን ለተኳሿ ሰጠች። ኅትመቱን ሌላ ቤት አሠርታ ለተኳሿ አሳየቻት። እኔም ለሱቁ ግድግዳ አነስ ያለውን ኅትመት በዋንዛ እንጨት ፍሬም አድርጌ ለልጅቷ ሰጠኋት፤ ማንም ሳያዘኝ።

ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ዝምታዋን ሁሉ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር። ያን ሳምንት ነው ያወቅኋት። እኔ በመጀመሪያው ቀን እንዳልኩት አድርጋ ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ሱቋን ትዘጋ ነበር፤ ተኳሿም የተሰረዘ ፊቷን በሺህ ሰው ስልክ ላይ ታገኘው ነበር። ፎቶ አንሺዋ መብቷን ደግሞ አንዲት ስንዝር አልለቀቀችም።

አዲሱ ባነር የተሰቀለ ቀን ተኳሿ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ መጣች። ከመንገዱ ማዶ ቆማ እጇን አጣምራ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሁላችንም አፏን እንጠብቃለን።

“በግራ በኩል ተጨማዷል” አለች። “ይወጠር።”

ፎቶ አንሺዋ ወንበሩ ላይ ወጣችና ገመዱን ሳበችው።