አርባኛው ዙር

«አርባ አንድ መጣ» አለ የሟቹ ወንድም ቶዶሮስ፣ ኮኛኩን እንደያዘ አንገቱን ወደ በሩ እያሰገገ። አጠገቡ የተቀመጡት ሁለት የድሮ ብስክሌተኞች ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው ሳቅ አመለጣቸው።

ስታማታ ሰምታለች። ባሏ ሌፍቴሪስ ከተቀበረ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውን ንፍሮ ከስኳርና ከሮማን ፍሬ ጋር እያደባለቀች ነበር። በሩ ላይ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ የቆመው አርጊሪስ ነው፤ የሰርጋቸው ሚዜ፣ የልጃቸው የክርስትና አባት። እዚህ ቤት እግሩ ከረገጠ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል።

«ነፍስ ይማር፣ አበልጄ።»

«ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?»

ገባና በሩ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ።

ሌፍቴሪስ አምስት ጊዜ የግሪክ ሻምፒዮን ነበር። ፍሬን በሌለው ብስክሌት ያንን ዘመም ያለ የሲሚንቶ መም ሲወጣና ሲወርድ ለማየት የፓትራ ከተማ ሰው ሱቁን ዘግቶ ይመጣ ነበር። ሲያሸንፍ ጉረኛ፣ ሲሸነፍ አኩራፊ ነው። ስታማታ ሁለቱንም ችላ ኖራለች።

የባልካን ውድድር ፓትራ ላይ በተደረገበት ዓመት ርቀቱ አርባ ዙር ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ደወል የሚደውለው አርጊሪስ ነው። ሌፍቴሪስ ሁሉንም ጥሎ መስመሩን አለፈ፤ ደወሉ ተደወለ፤ እሱ ግን ያሸነፈ መስሎት ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ሰባት ሰው አልፎት ሄደ።

ከብስክሌቱ እንደወረደ ወደ ደወሉ ጠቆመ። «አንድ ዙር ጨመረብኝ! አርባ አንድ አስኬደን!»

ውጤቱ አልተለወጠም፤ ሕዝቡ ግን አመነው። ዳኞቹ ሲጠይቁት አርጊሪስ «ተሳስቼ ይሆናል» አለ። ከዳኝነቱ ተሰናበተ፣ ስሙም በዚያው አርባ አንድ ሆኖ ቀረ። ዓሣ ሊገዛ ሲሄድ እንኳ ሻጩ «ዛሬ ደግሞ እኔ ልቁጠርልህ» ይለዋል።

ሌፍቴሪስ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ጣሪያውን እያየ «ደወሉ ልክ ነበር» አላት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«አፈርኩ።»

ንገሪልኝም አትንገሪም አላለም። ስታማታን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንገበገባት ይኸው ነው። ብትናገር ባሏን ገና በለቅሶው ልታዋርደው ነው፤ ዝም ብትል ይህ ሰው እንደተሰደበ ሊሞት ነው።

«አርባ አንድ» አለ ቶዶሮስ ከወዲያ፣ «ኮኛክ ሲቀዳልህ አንዱን ሁለት ብለህ እንዳትቆጥር!»

ስታማታ ማንኪያውን አስቀመጠች። «አርባ ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ዙሩ ነዋ። የተሳሳተው ወንድምህ ነው። ራሱ ነግሮኛል።»

የቶዶሮስ ፊት ቀላ። «ስታማታ! አፈሩ እንኳ አልደረቀም እኮ!»

«አውቃለሁ። ባሌ ነው የተቀበረው።»

«ተይው፣ አበልጄ» አለ አርጊሪስ ቀስ ብሎ። «እኔ እኮ ያኔም አውቅ ነበር። ከተማው በእሱ ከሚስቅ በእኔ ይሳቅ ብዬ ነው። ነገሩ ሲበርድ መጥቶ በሬን ያንኳኳል ብዬ ነበር። በየቀኑ…» ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ስታማታም ከቀብሩ ወዲህ ገና አሁን አለቀሰች። ባሏ ናፈቃት፤ በዚያው ልክ ተናደደችበት። ቶዶሮስ ኮኛኩን ሳይጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ለአርጊሪስ ስኳር የሌለው ቡናና ደረቅ ዳቦ ቀረበለት። ዳቦውን ሊነክስ ሞክሮ ጥርሱ እንቢ ሲለው ወደ ሳህኑ መለሰው። ስታማታ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ዳቦውን አንሥታ ቡናው ውስጥ ነከረችው፣ እስኪርስ ጠበቀችና ወደ አፉ አቀረበችው። ሌፍቴሪስን ስታስታምም ሁለት ወር ሙሉ እጇ የለመደው እንዲህ ማጉረስ ነበር። እንዳይንጠባጠብም ግራ እጇን ከአገጩ ሥር ዘረጋች።