ወደ ግድግዳ የዞረው መብራት

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ?» አለች አክስቷ በሩን በክርኗ ገፍታ። በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው ትሪ ይዛለች። «ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል። የመጣው ሁሉ ‹ልጅቷስ?› ይላል። አንቺ እዚህ ሳጥን ውስጥ አንገትሽን ቀብረሻል!»

ልጅቷ ቀና አለች። ፀጉሯ ላይ የእንጨት ብናኝ ሰፍሯል፤ እጇ ላይ ብርጭቆ ወረቀት አለ። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ከለቅሶ ይሁን ከብናኙ እሷም አታውቀውም።

«እያለቀሰች ነው በያቸው።»

«ብያለሁ! ይሄን ፍቅፈቃሽን ስትሰማማ ጎረቤታችን ‹ምስኪን፣ ግድግዳ እየቧጠጠች ነው› ብላ እንባዋን ዘረገፈችው።»

ሁለቱም አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ሳቁ። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሳቅ ነውር ነው። ግን እሱ ራሱ ይህን ቢሰማ ሆዱን ይዞ ነበር የሚስቀው።

ሰውየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። መሪውን ካስረከበ በኋላ እጁ ሥራ ሲፈታበት አምፕሊፋየር መሥራት ጀመረ። ሣጥኑን ካረጀ ቁም ሣጥን፣ ከተሰበረ መሳቢያ፣ አንዴም ሚስቱ ሳታውቅ ከመክተፊያዋ ይሠራ ነበር። የእሱ አምፕሊፋየር የሌለበት የዘመድ ቤት አይገኝም።

የመጨረሻው ግን የሚስቱ ነበር። ለሠላሳኛ የጋብቻ ዓመታቸው። የድምፁ ሥራ ካለቀ ቆይቷል፤ ያስቸገረው ጌጡ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ፕላስቲክ ገብቷል፤ ከኋላው ጥቃቅን አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ ተለጥፏል። «ብርሃኑ እንደ ወተት ነው እንዲፈስ የምፈልገው» ይል ነበር።

የዛሬ አሥር ቀን አብርቶ ልጁን ጠራት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የጠመመ ስፌት ከመንገድ ማዶ ይታያታል።

«ፍረጂ!» አላት።

እያንዳንዱ አምፖል በፕላስቲኩ ላይ ለብቻው ፈጦ ይታያል። «አባዬ፣ ይሄማ ኩፍኝ ወጥቶበታል!» አለችው።

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ካቻቪቴውን አንስቶ ሣጥኑን ፈታታው። ከሳምንት በኋላ ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ፤ ሣጥኑም እንደተከፈተ።

ሠላሳኛው ዓመት ደግሞ ዛሬ ነው። ‹አፌን ብይዘው ኖሮ ጨርሶ ይሰጣት ነበር› የሚለው ሐሳብ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል። ፕላስቲኩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ አደበዘዘችው። አበራችው። ኩፍኙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ካቻቪቴውን ወርውራ ተንሰቀሰቀች፤ ይሄኛው የእውነት ለቅሶ ነበር።

የአባቷ ጓደኛ ፀጉር አስተካካዩ በዚህ መሀል ገባ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስኪወጣላት ጠበቀ።

«እኔ ሱቅ ያለውን የመስታወት መብራት አይተሻል?» አላት።

«አሁን ስለ ሱቅዎ ነው የሚያወሩኝ፣ ጋሼ?»

«ስሚኛ! ደንበኛው ሁሉ ብርሃኑ ዓይኑን እየወጋው ምላጭ ስር መንቀሳቀስ ሲያበዛ፣ አምፖሉን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ከግድግዳው ተመልሶ ሲመጣ ለስልሶ ነው የሚመጣው። ለአባትሽ ነግሬው ነበር። ‹አንተ ጢም ላጭ› አለኝ።»

«ሊሰማዎት አልወደደም?»

«እሱ? ማንን ሰምቶ ያውቃል?»

ጥብጣቡን ላጠችና ፊቱን ወደ ሣጥኑ ጀርባ አዞረችው። ብርሃኑ እኩል ሆነ፤ ግን ሻይ መሰለ። የውስጡ እንጨት ቡናማ ነዋ! ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካሌንደር አወረደች፤ ጀርባው ነጭ ነው። በልብስ ሰፊ ዓይን ለካች፣ በልብስ ሰፊ መቀስ ቆረጠች፣ የሣጥኑን ውስጥ እንደ ኮት ገበር አለበሰችው።

ፀጉር አስተካካዩ መጋረጃውን ጋረደ። አበራችው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆነ። አምፖል የት እንዳለ ማንም አይለይም።

«እኩል ሆነ?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። እናቷ ናት፤ ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

«እማዬ! ታውቂ ነበር?»

«እሱ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሁልጊዜ ገልጬ አየው ነበር። ያ ነጠብጣቡም ቢሆን ለእኔ ደስ ይለኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ ያስፈታሁት» አለች ልጅቷ። «ኩፍኝ ባልለው ኖሮ በእጁ ይሰጥሽ ነበር።»

እናቷ ትንሽ አየቻትና በሳቅ ፈነዳች። «አንቺ? አንቺ ከመናገርሽ በፊት አምስቴ ፈትቶታል! ሠላሳ ዓመት ከእሱ ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ሰው ባይናገረው ዝንብ ተናገረኝ ብሎ ይፈታዋል። ነይ ወዲህ፣ ሞኝ።»

ልጅቷ እቅፏ ውስጥ ገባች። ሳቁን ከሳሎን የሰሙ እንግዶች እየተንሾካሾኩ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ «ይሄን ከየት ነው የገዛው?» አለ፤ አክስቷ በዓይኗ ቀጣችው።

የቀረው ክዳኑን መግጠም ነው፤ አራት ብሎን። እናቷ ካቻቪቴውን ተቀበለች። አንዱን አጠበቀች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አራተኛውን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች።

«አስገቢው እንጂ» አለቻት ልጇ።

«ይቅር፣ ነገ መልሶ መፍታቱ ላይቀር...» አለች።

ከዚያ ብሎኗን መሀረቧ ጫፍ ላይ አኑራ፣ ሁለቴ ቋጠረቻት።